ከመሰብሰብዎ በፊት እጅዎን ይሰብስቡ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቆዩ መጻሕፍትና የድሮ የሳይንስ መሣሪያዎች

ለዚህ እትም የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳገላብጥ ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ። አብዛኞቹ «አጸዳሁት፣ አሳመርኩት፣ ለጠፍኩት፤ አሁን ምን ላድርግ?» የሚሉ ናቸው። ጎበዝ፣ መጀመሪያ ጠይቁ እንጂ! እጅ የትም አይሄድም፣ በኋላም ይደረስበታል። ለማንኛውም ስምንቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳንምታታ።

ጥያቄ፦ አንድ የድሮ የናስ ማይክሮስኮፕ ከነእንጨት ሳጥኑ ገዛሁ። ጠቋቁሮና ተጎሳቁሎ ስለነበር በብረት ማጽጃ ሁለት ቀን ሙሉ ፈትጌ እንደ ወርቅ አበራሁት። ፎቶውን ለአንድ ሰብሳቢ ብልክለት «ያሳዝናል» ብሎ ብቻ መለሰልኝ። ምን አጥፍቼ ነው? (አብራሪው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውየው ጨዋ ነው። እኔ ብሆን ከዚያ የባሰ ነበር የምልህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩ መሣሪያ ሠሪዎች ናሱን ራቁቱን አይተዉትም ነበር። አለስልሰው ከወለወሉት በኋላ ሞቅ ያደርጉትና ሼላክ የሚባለውን ሙጫ በአልኮል አሟሙተው በቀጭን ብሩሽ ይቀቡታል። ሼላክ ላክ የምትባል ትንሽ ነፍሳት ዛፍ ላይ የምትተወው ሙጫ ነው። አንዳንዱ ሠሪ ቀለም ጠብ ያደርግበት ስለነበር ናሱ የማር መልክ ይይዛል። አንተ ቆሻሻ ነው ብለህ የፈተግከው ያንን ቫርኒሽ ነው። ጥቁር ጥቁሩ ነጠብጣብ ቫርኒሹ የተላጠበት ቦታ ነበር፤ በነጠብጣቦቹ መካከል ያለው ግን ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ የሠሪው የራሱ የእጅ ሥራ ነው። ነበር ልበል እንጂ።

ካላመንከኝ ማይክሮስኮፑን ገልብጠህ ናሙና ከሚቀመጥበት መድረክ ሥር፣ ከመስታወቱ ክንድ ጀርባ፣ ብሎኖቹ ዙሪያ ያለውን ጥግ እይ። ጨርቅህ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ሞቅ ያለ ማር የመሰለ ቀለም ታያለህ። አጠገቡ አንተ ያበራኸው አለ፣ እንደ ሎሚ ልጣጭ ቢጫ። ልዩነቱን አንዴ ካየህ ዕድሜ ልክህን አትረሳውም፣ የትኛውም መሣሪያ ላይ በአንድ ዓይን ትለየዋለህ። የሠሪውን ስምም በማጉያ እየው። ፊደሎቹ ጠርዛቸው ሟሙቶ፣ ስንጥቃቸው ውስጥ ነጭ ዱቄት ተጋግሮ ታገኛለህ። እሱ የማጽጃው ዝቃጭ ነው።

አንድ ሌላ ጣጣም አለ። ብዙዎቹ የብረት ማጽጃዎች አሞኒያ አለባቸው። አሞኒያ ደግሞ ውስጡ ውጥረት ያለበትን ናስ ቀስ እያለ ይሰነጥቃል። ህንድ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የናስ ቀለሃዎቹ በዝናብ ወራት እየተሰነጠቁ ሲያስቸግሩት ምክንያቱ ከፈረስ ጋጣ የሚተነው አሞኒያ ሆኖ ተገኝቷል። ፈረስ ይህን ካደረገ አንተ በሁለት ቀን ፍተጋ ምን እንዳደረግህ አስበው።

አሁን ምን ይሻላል? አቁም፣ ይኼ የመጀመሪያው ነው። በአልኮል እንዳትጠርገው፣ የተረፈውንም ሼላክ ይዞልህ ይሄዳል። ነጩን ዱቄት በእንጨት ስንጥርና በለስላሳ ብሩሽ አውጣው። ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ማይክሮክሪስታላይን የሚባል ሰም አለ፣ እሱን በጣም በስሱ ቀባውና ተወው። ሌንሶቹን አትፍታቸው፤ ብዙዎቹ ከጥድ ዓይነት ዛፍ በሚገኝ ካናዳ ባልሳም በሚባል ሙጫ የተጣበቁ ናቸው፣ አልኮል ወይም አሴቶን ከነካቸው ሙጫው ይለቃል። «እንደገና ቫርኒሽ ላስቀባው» የሚል ሐሳብም ይመጣብህ ይሆናል። ባትሞክረው ይሻላል። አዲስ የተቀባ መሣሪያ ላይ ዋናውን ከአዲሱ መለየት ስለማይቻል ሰብሳቢው ጭራሽ ይጠረጥርሃል።

ሳጥኑን ግን እንደ ዓይንህ ጠብቀው። ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈ የሻጭ ወረቀት፣ በእጅ የተጻፈባቸው የናሙና ስላይዶች፣ ትርፍ ሌንሶች ካሉ መሣሪያው ገና ብዙ የሚናገረው አለው። መሸጥ ከፈለግህም ሽጠው፣ የሚያብለጨልጭ የሳሎን ጌጥ የሚፈልግ ገዢ ሞልቷል። ብቻ የፈተግከው አንተ መሆንህን ንገረው።

ጥያቄ፦ ከ1800ዎቹ የመጣ አንድ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ አለኝ። ጥሩ ነበር፣ ግን የሆነ ተማሪ ኅዳጉን ሁሉ በእርሳስ ሞልቶታል። ላጲስ ባነሳበት ወረቀቱን ይጎዳዋል? (ጡረተኛው መምህር)

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ ላጲሱን ያስቀምጡት! አርባ ዓመት ተማሪ ያስተማሩ ሰው የተማሪ ማስታወሻ ሊያጠፉ ነው?

አንድ ታሪክ ልንገርዎት። ኮፐርኒከስ ፀሐይን መሃል ላይ ያስቀመጠበት መጽሐፉ በ1543 ኑረምበርግ ታተመ። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ በስሌት የተሞላ ነው፣ ስለዚህ በ20ኛው መቶ ዘመን አንድ ታዋቂ ደራሲ ማንም አላነበበውም ብሎ ጻፈ። ኦወን ጊንግሪች የሚባሉ የሃርቫርድ የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1970 ኤዲንብራ ውስጥ አንዱን ቅጂ ሲከፍቱ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በጥቃቅን የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ አገኙት። ጸሐፊው ኢራስመስ ራይንሆልድ ነበር፣ ከኮፐርኒከስ ቀጥሎ በነበረው ትውልድ ቀንደኛ የሚባል ሊቅ። ማንም ያላነበበው መጽሐፍ ተብሎ የመጀመሪያው የተከፈተው ቅጂ እንዲህ ከሆነ ሌሎቹስ? ብለው ሰውየው ተነሡ። ከዚያ በኋላ 30 ዓመት የ1543ቱንና የ1566ቱን እትም ቅጂዎች እያሳደዱ ወደ 600 የሚጠጉ መዘገቡ፣ ዝርዝሩም በ2002 ታተመ። መምህሩ የጻፈውን ማስታወሻ ተማሪው ወደ ራሱ ቅጂ ሲገለብጠው፣ እሱ ደግሞ ለሌላው ሲያስተላልፈው፣ መጽሐፉ ከማን ወደ ማን እንደሄደ በኅዳጉ ጽሑፍ ብቻ ተከታተሉት። ቤተ ክርስቲያን በ1620 ይሰረዝ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ጣልያን ያሉት ብዙዎቹ ባለቤቶች በቀለም ሰርዘውት፣ ከጣልያን ውጪ ያሉት ግን እምብዛም ሳይነኩት መገኘታቸውም ከዚያው ነው የታወቀው።

ንጹሕ ቅጂ ይህን ሁሉ አያወራም። የእርስዎ ተማሪ ራይንሆልድ ላይሆን ይችላል፣ ምናልባትም ፈተና የጨነቀው አንድ ምስኪን ልጅ ነው። ይሁን፣ እሱም ሰው ነው! ደግሞ ለእርስዎም ይጠቅምዎታል፦ መጽሐፉ አንድ ቀን ቢሰረቅ የእርስዎ መሆኑን ከዚያ እርሳስ በላይ የሚመሰክር የለም።

ጥያቄ፦ የቆየ መጽሐፍ ስነካ ነጭ የጥጥ ጓንት ማድረግ አለብኝ አይደል? ፊልም ላይ ሁሉም ያደርጋሉ። (ተጠንቃቂዋ)

መልስ፦ የለብሽም እህቴ፣ የፊልም ነገር ነው። ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይበቃል። ጥጥ ጣትን ያደነዝዛል፣ ቅጠል ስትገልጪ ጠርዙን ይዞ ይቀደዳል። ብረት ሲሆን ግን ሌላ ነው። ናስና ብረታ ብረት ላይ የጣት አሻራ ከላቡ የተነሣ ቀስ በቀስ ይቀረጻል፣ ለእሱ የሐኪም ዓይነት ናይትራይል ጓንት አድርጊ።

ጥያቄ፦ ሁለት ነገር ከአንድ ሰው ወረስኩ፦ ደማቅ አረንጓዴ የጨርቅ ሽፋን ያላቸው የ19ኛው መቶ ዘመን መጻሕፍትና ቁጥሮቹ በጨለማ ያበሩ የነበሩ (አሁን አያበሩም) የድሮ የአውሮፕላን መለኪያዎች። ትንንሽ ልጆች አሉኝ። «መርዝ ነው» ያለችኝ ጓደኛዬ እያጋነነች ነው? (እናት)

መልስ፦ አላጋነነችም። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ደማቁ አረንጓዴ በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከመዳብና ከአርሴኒክ ነበር። ልብስም፣ የግድግዳ ወረቀትም፣ የመጽሐፍ ሽፋንም በሱ ይቀለም ነበር። አሜሪካ ያለው የዊንተርተር ሙዚየም በ2019 እነዚህን መጻሕፍት መመርመርና መመዝገብ ጀመረ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም በ2024 በዚሁ ጥርጣሬ 4 መጻሕፍት ከመደርደሪያ አንሥቷል። ሁሉም አረንጓዴ መርዝ አይደለም፣ በዓይን ብቻ ደግሞ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ቀለሙ ግን ይረግፋል፣ ጣት ላይ ይቀራል፣ ከጣት ወደ አፍ መንገዱ አጭር ነው። ስለዚህ ናይትራይል ጓንት (አዎ፣ ከላይ ለመጽሐፍ ጓንት አያስፈልግም ብያለሁ፣ ለዚህኛው ያስፈልጋል!)፣ እያንዳንዱን መጽሐፍ በሚታሸግ የላስቲክ ከረጢት፣ ከዚያ ልጅ የማይደርስበት ከፍታ። ያስቀመጥሽበትን ጠረጴዛ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ ጨርቁን ጣይው፣ እጅሽን ታጠቢ። አታቃጥያቸው! አርሴኒኩ በጭሱ ይወጣል።

መለኪያዎቹ የባሱ ናቸው። ያበራቸው የነበረው ራዲየም የተቀላቀለበት ቀለም ሊሆን ይችላል። አሁን ስለማያበሩ ሞተዋል ማለት አይደለም። የደከመው ብርሃኑን የሚሰጠው ዚንክ ሰልፋይድ ነው እንጂ ራዲየሙ ግማሽ እስኪሆን 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እና ገና መጀመሩ ነው። መስታወቱ እስካልተከፈተ ድረስ ትልቁ አደጋ ውስጡ ታሽጓል፤ ችግር የሚፈጠረው «ላጽዳው» ብሎ የሚከፍተው ሰው ጋ ነው። ያ ዱቄት ወደ ሳንባ ከገባ አይወጣም። መኝታ ቤት አታስቀምጫቸው፣ ሬዶን የሚባል ጋዝ ስለሚያፈልቁ አየር የማይገባበት ቁም ሳጥን ውስጥም አታጉሪያቸው። በአገርሽ የጨረር ጉዳይ የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት ጠይቂና ከቤት አስወጪያቸው። ልጆች ባይኖሩሽ ሌላ ምክር እሰጥሽ ነበር።

የሜርኩሪ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ያላችሁም እግረ መንገዳችሁን ስሙኝ፦ እንደ ዣንጥላ ብብት ሥር አግድም ሸጉጣችሁ አትዙሩ። ከፈሰሰ ደግሞ በመጥረጊያም በቫኪዩምም አትንኩት፣ መስኮት ክፈቱና ሰው አስወጡ።

ጥያቄ፦ የዳርዊን የዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፍ አለኝ፣ ከርዕሱ ጀርባ «መጀመሪያ የታተመው 1859» ይላል። የመጀመሪያ እትም ነው ማለት ነው? ሀብታም ሆንኩ? (ተስፈኛው)

መልስ፦ አልሆንክም። «መጀመሪያ የታተመው በ1859» ብሎ የሚናገር መጽሐፍ ራሱ በ1859 የታተመ አይደለም። ልደቱን በሰነድ የሚያስታውሰው በኋላ የመጣው ነው።

እውነተኛው ለንደን ውስጥ ኅዳር 24 ቀን 1859 ወጣ። የታተመው 1,250 ቅጂ ነው። ሁለተኛው እትም ጥር 1860 ላይ ተከተለ። መለያዋ ደግሞ አንዲት ስሕተት ናት፦ ገጽ 20፣ 11ኛው መስመር ላይ «ስፒሺስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንድ «ኢ» ፊደል ተርፎት ታትሟል። ፊደል ለቃሚው ያቺን ቀን ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ግን ሰብሳቢው ሁሉ መጽሐፉን እንዳገኘ ሮጦ የሚከፍተው ገጽ 20ን ነው። በስሕተቱ የሚከበር መጽሐፍ!

ስሕተቷ ብትገኝም ሥራው አላለቀም። ቅጠል መቁጠር አለ። ሰብሳቢ የሚሸወደው ባብዛኛው እዚህ ጋ ነው። የድሮ መጽሐፍ ትልቅ ወረቀት ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ተሰፍቶ ነው የሚሠራው፤ በየጥራዙ መጀመሪያ ከገጹ ግርጌ ትንሽ ፊደል ወይም ቁጥር አለች። እነሱን ተከትለህ ስትቆጥር የጎደለው ቅጠል ራሱን ያጋልጣል። ሥዕል ያለው መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ሮበርት ሁክ በማይክሮስኮፕ ያየውን በ1665 ሲያሳትም 38 ሥዕሎች አስገብቶበት ነበር። ከሁሉም የታወቀችው ቁንጫዋ ናት፣ ታጥፋ የገባች ድመት የምታህል ቁንጫ። እሷን ቀዶ ፍሬም ውስጥ አስገብቶ መሸጥ የሚያዋጣ ስለሆነ ቁንጫው የጠፋበት ቅጂ ሲያጋጥም አይግረምህ። አንዳንዴ ደግሞ የጎደለው ቅጠል ከሌላ ከተጎዳ ቅጂ ተወስዶ ይሰፋል፣ ወይም በዘመናዊ ኮፒ ይተካል። የመጀመሪያውን በወረቀቱ መጠንና ቀለም ልዩነት ትይዘዋለህ። ሁለተኛውን በጣትህና በማጉያ። ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል የታተመ ገጽ ፊደሉ ወረቀቱን ነክሶት ነው የሚያልፈው፣ ከጀርባ ብትዳስሰው እብጠቱ ይሰማሃል፣ በማጉያ ስታየው ቀለሙ ወደ ፊደሉ ጠርዝ ተገፍቶ ወፍሯል። ኮፒ ግን ልሙጥ ነው።

ያንተን ግን አንብበው። ደስ የሚል መጽሐፍ ነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ «ኬልቪን እና ሂውዝ፣ ለንደን፣ 1917» የሚል በትልቁ የተቀረጸበት የመርከበኛ ሴክስታንት አገኘሁ፣ ዋጋው ተስማምቶኛል። ልግዛው? (ባሕር ያላየሁ)

መልስ፦ ፎርጂድ ነው። ፎቶውን እንኳን ሳላይ ነው የምነግርህ። ኬልቪን እና ሂውዝ የሚለው ስም የመጣው ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች በ1940ዎቹ ከተዋሐዱ በኋላ ነው። በ1917 እንዲህ የሚባል ድርጅት አልነበረም፣ ስለዚህ ያ ሴክስታንት ከአባቱ የቀደመ ልጅ ነው። በገፍ የሚሠራ የጌጥ ዕቃ ነው፣ ድርጅቱም የለበትም፣ ስሙን ነው የወሰዱበት።

ነገሩን በስሙ ባንይዘውም በሥራው እንይዘው ነበር። እውነተኛ ሴክስታንት ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ ነው። ቅስቱ ላይ ያሉት ጭረቶች ከፀጉር የቀጠኑና እኩል መሆን አለባቸው፣ መርከበኛ በነሱ ነው ነፍሱን የሚያድነው። የጌጡ ላይ ጭረቱ ወፍራም ነው፣ አንዳንዱም ከቅርጹ ጋር አብሮ የፈሰሰ ነው። መስታወቶቹን የሚያስተካክሉ ጥቃቅን ብሎኖች የሉትም። ቴሌስኮፑ ቢሠራም ምንም አያጠራም። ሌላው ደግሞ እርጅናው ነው፦ በእውነት ያገለገለ ዕቃ እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ፎርጂዱ ግን በኬሚካል ስለሚጠቁር ሁሉም ቦታ እኩል ያረጀ ነው። እኩል የሚያረጅ ዕቃ የለም።

አስትሮላብ (የከዋክብትን ቦታ የሚያሳይ የድሮ መሣሪያ) ለሚገዙትም ያው ነው፣ እንዲያውም እዚያ ላይ ሰማዩ ራሱ ይመሰክራል። የምድር ዛቢያ ቀስ ብሎ ስለሚዞር የከዋክብት ቦታ በ72 ዓመት 1 ዲግሪ ያህል ይንሸራተታል። የመሣሪያው ኮከብ ጠቋሚዎች ተሠራበት ከተባለው ዘመን ጋር መቀራረብ አለባቸው። (አንዳንድ ሠሪ ያረጀ ሰንጠረዥ ይገለብጥ ስለነበር ለብቻው ፍርድ አይሰጥም፣ ግን ጠቋሚዎቹ የትም የትም የሚያመለክቱ ከሆነ ዕቃው የግድግዳ ነው።)

በመሸወድህ ግን አትፈር፣ ሊቃውንትም ተሸውደዋል። ጋሊሊዮ በ1610 በቴሌስኮፕ ያየውን ያሳተመበት ትንሽ መጽሐፍ አለ። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ በገዛ እጁ ጨረቃን የሣለበት ነው የተባለ አንድ ቅጂ ገበያ ላይ ወጣ። ባለሙያዎች ወረቀቱንም ቀለሙንም መርምረው እውነተኛ ነው አሉ፣ የጥናት መጽሐፍም ተጻፈበት። በ2012 ግን ኒክ ዊልዲንግ የሚባል የታሪክ ምሁር ርዕስ ገጹ ላይ ያለው ማኅተም አላማረውምና ነገሩን ጎልጉሎ ፎርጂድ መሆኑን አሳየ። ይኸው ሰው በ2022 ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚኮራበትን የጋሊሊዮ የእጅ ጽሑፍ ጣለው። እንዴት? ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲነሣ የሚታየው የፋብሪካ ምልክት ከ1770 በፊት አይገኝም፤ ጋሊሊዮ የሞተው በ1642 ነው። ዩኒቨርሲቲው አጣርቶ ስሕተቱን በይፋ አመነ። እኔ ያከበርኩትም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ የሚሸጥልኝ መጽሐፍ ርዕስ ገጹ ላይ ክብ የሆነ የተፋቀ ነገር አለው። «የድሮ ባለቤት ነው ያጠፋው፣ ምንም አይደል» ይላል። (ጥርጣሬ የገባኝ)

መልስ፦ ክብ ሆኖ የተፋቀ ነገር የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን? በአልትራቫዮሌት መብራት ብታየው የተፋቀው ቀለም ብዙ ጊዜ ይወጣል። ቤተ መጻሕፍት በሕጋዊ መንገድም መጽሐፍ ይሸጣል፣ ያኔ ግን ማኅተሙን አይፍቅም፣ «ተሰርዟል» የሚል ሌላ ማኅተም ይጨምርበታል እንጂ። ስለዚህ ስሙን ካነበብክ ነጋዴውን ትተህ በቀጥታ ለቤተ መጻሕፍቱ ጻፍላቸው። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ መጻሕፍት ነጋዴዎች ኅብረትም የጠፉ መጻሕፍት መዝገብ አለው፣ እሱንም አገላብጥ።

ሌባው ደግሞ ሁልጊዜ በመስኮት አይገባም። ከላይ ያወራሁላችሁን ጨረቃ የተሣለበትን የጋሊሊዮ ፎርጂድ መጽሐፍ የሠራው ማን ሆኖ ተገኘ? ማሲሞ ደ ካሮ፣ ኔፕልስ ያለው የጂሮላሚኒ ታሪካዊ ቤተ መጻሕፍት ዳይሬክተር! ከዚያው ከሚመራው ቤት መጻሕፍት በሺህ እየቆጠረ ሲያስወጣ በ2012 ተይዞ ታስሯል። እና ነጋዴህ «ከትልቅ ሰው እጅ ነው የመጣው» ካለህ ይህ ለእኔ ማረጋገጫ አይደለም። ወረቀት ይኑረው፦ ከማን፣ መቼ፣ በምን ደረሰኝ። ከሌለው እለፈው፣ ሌላ ቅጂ ይመጣል።

የጠፋ ሁሉ ግን ጠፍቶ አይቀርም። የዳርዊን ሁለት የማስታወሻ ደብተሮች ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከ20 ዓመት በላይ ጠፍተው፣ በ2022 አንድ ያልታወቀ ሰው በሮዝ የስጦታ ቦርሳ አድርጎ መልካም ፋሲካ ከሚል ጽሑፍ ጋር ኮሪደር ላይ ጥሎላቸው ሄደ። ማን እንደሆነ ለማወቅ ስንት እከፍል ነበር!

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ገንዘብ የለኝም። ይኼ ነገር የሀብታም ጨዋታ ብቻ ነው? (ኪሰ ባዶ)

መልስ፦ አይደለም። ስላይድ ሩል ሰብስብ። ካልኩሌተር ከመምጣቱ በፊት መሐንዲስ ሁሉ ኪሱ ውስጥ የሚይዛት በቁጥር የተሸነሸነች ተንሸራታች ማስመሪያ ናት። ስኮትላንዳዊው ኔፒር ማባዛትን ወደ መደመር የሚቀይረውን ሎጋሪዝም በ1614 አሳተመ፣ ብዙም ሳይቆይ እንግሊዛዊው ኦትሬድ ሁለት የሎጋሪዝም መስመሮችን ጎን ለጎን አንሸራትቶ ማባዛት ጀመረ፣ ከዚያ ከ300 ዓመት በላይ ዓለም በሷ ተሰላ። በ1972 ኤችፒ 35 የሚባለው የኪስ ካልኩሌተር ሲመጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ መሳቢያ ገባች። ለዚህ ነው ዛሬም በርካሽ የምትገኘው፦ በጣም ብዙ ተሠርታለች፣ የጣላት ግን ጥቂት ነው። የምህንድስና ተማሪ የነበረ አያት ወይም አጎት ካለህ መሳቢያውን ጠይቀው።

ስትገዛ እዚያው ሞክራት። የላይኛዋን 1 ከታችኛዋ 2 ላይ አምጣና፣ የላይኛዋ 3 በትክክል ከታችኛዋ 6 ላይ መውደቅ አለባት። ካልወደቀች እንጨቱ ተጣሟል። ከተጣበቀች ዘይት አታፍስባት። ነጩ ገጿ ሴሉሎይድ ከሆነ እያረጀ አሲድ ያመነጫል፣ ስለዚህ ብዙዎቹን በአንድ ላስቲክ አፍነህ አታስቀምጥ፣ አንዷ ሌላዋን ትበላለች። ኩርታ የምትባለውን በርበሬ መፍጫ የምትመስል በእጅ የምትሽከረከር ማስሊያም ትመኝ ይሆናል፣ እኔም እመኛለሁ፣ ዋጋዋ ግን ከእኔና ካንተ ኪስ ወጥቷል።

ከሁሉም በፊት ግን ላይዋ ላይ የምትንሸራተተው መስመር ያለባት መስታወት መኖሯን እይ። እኔ የመጀመሪያዬን ያለ መስታወቷ ገዝቼ፣ ለዚያች ቁራጭ ሦስት ዓመት ስፈልግ ኖርኩ። ባለፈው ዓመት አገኘኋት። ግማሽ ሚሊሜትር ትጠባለች። ሞረድ አላነሣሁም።